ሦስተኛው ሰሃን

ባለቤቴ አቤኔዘር ምሳ ሲያቀርብ ሦስተኛ ሰሃን ጨመረ።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ለልጃችን።" ከሐኪም ቤት የተላከውን ትንሽ ስፒከር ሰሃኑ ላይ አስቀመጠው።

እኔ እኮ ገና አላረገዝኩም! ግን በአዲሱ ሕግ፣ ከልክ በላይ ለሚሠራው የአንገቴ ዕጢ፣ ለታይሮይዴ፣ ሕክምና ስመርጥ፣ ልወልደው ያሰብኩት ልጅም መስማማት አለበት። ድምፁን ማሽን ይሠራለታል።

"እማዬ፣ ዕጢውን የሚያወጡበትን ኦፕራሲዮን እፈራለሁ" አለ ስፒከሩ። "ኪኒኑን ቀጥይ።"

"ሁለት ዓመት ዋጥኩት! ባቆምኩ ቁጥር በሽታው ያገረሽብኛል፤ ሳረግዝ ደግሞ ኪኒኑ አንተኑ ሊጎዳህ ይችላል!"

"እሺ፣ ዕጢውን የሚያከስመውን የጨረር አዮዲን ውሰጂ።"

"ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ማርገዝ አይቻልም!"

"ስድስት ወር? እማዬ፣ አትፈልጊኝም?"

ሹካዬን ፓስታው ላይ ወረወርኩት።

"ትርንጎ፣ ቀስ በይ" አለኝ አቤኔዘር፣ "ልጁ ይሰማል።"

"እኔንስ ማን ይሰማል?"

ስፒከሩን ከነሰሃኑ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ሐኪሜ ጋ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ ለኦፕራሲዮኑ ቀን ይያዙልኝ።"

"ልጅዎ ተስማማ?"

"ተወልዶ አፍ ሲፈታ እጠይቀዋለሁ።"