የቀመሩ ባለቤት

ፕሮፌሰሩ ጥርጣሬ የገባቸው የተማሪያቸውን የማኅደርን የመመረቂያ ጥናት ሲያነቡ ነው። ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ በምን ፍጥነት እንደሚቀዘቅዝ ያሰላችበት ቀመር ከተማሪ እጅ የወጣ አይመስልም፤ ከመጠን በላይ ያምራል።

ጥናቷን ለፈታኞች በምታቀርብበት ዕለት ቀመሩን ሰሌዳ ላይ እንድታወጣው አዘዟት። ምንም ሳታይ ከዳር እስከ ዳር ሠራችው።

“ሸምድደሽዋል” አሉ ፕሮፌሰሩ። “ይሄን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ከማን እንደወሰድሽው ተናገሪ፤ አለዚያ ዲግሪውን እርሺው።”

ማኅደር ጠመኔውን አስቀመጠች።

“አምና በጆርናል የወጣው ጽሑፋችን ውስጥ አለ፣ ፕሮፌሰር። ጽፌ ስሰጥዎ የእርስዎን ስም ከእኔ አስቀድመው የላኩት።”

ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን አወለቀ።

“ፕሮፌሰርነቱን ያገኙበት ጽሑፍ ነው?”