ድልማያ ያነበበችው ቁጥር

«እናት፣ እርስዎ ከአናጢው ጋር ይሠሩ ነበር። እሳቸው ጋ በነበረው ንድፍ ላይ የመጋጠሚያው ክፍተት ስንት ይል ነበር?»

የጠየቃት የልጇ መምህር ነው። ድልማያ መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። መልሱን ታውቀዋለች።

የኮሌጁ ግቢ በክረምቱ ዝናብ ርሷል። ልጇ ስማሪካ ለመመረቂያዋ የነደፈችው የኤግዚቢሽን ዳስ ግማሹ ቆሞ ግማሹ መሬት ላይ ተጋድሟል። ምሰሶውም ግድግዳውም ወርክሾፕ ውስጥ ተቆርጦ አልቆ፣ እዚህ ያለ አንድ ሚስማር ሊገጣጠም ነበር። በደረቁ ወራት የተቆረጠው እንጨት ግን እርጥበት ጠጥቶ አበጠና የአንዱ ጫፍ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለ።

«ጋሼ አስታማን በዓይን ግምት ቆርጠውት ነው» አለች ስማሪካ፣ አዲስ የታተመ ወረቀት ለመምህሯ እየዘረጋች። «ይኸው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ይተው ይላል።»

«በዓይን ግምት?» ሳቀ ሽማግሌው አናጢ። «ልጄ፣ ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ እናትሽን አንብቢልኝ እያልኩ አስቸግር ነበር?»

ማንም አብሮት አልሳቀም።

እውነቱን ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቁጥር የምታነብለት ወርክሾፑን የምትጠርገው ድልማያ ናት። የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። በመጋዙ ጩኸት መሀል «ዘጠና! አርባ አምስት!» ስትል፣ «ዝም በሉ፣ አስተማሪዬ እየተናገረች ነው!» እያለ ሠራተኛውን ያስቅ ነበር።

የስማሪካን ንድፍ ስታነብለት ክፍተቱ ጋ ደርሳ «ዜሮ» አለችው።

«ዜሮማ አይሆንም። ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ ያብጣል፤ የት ሊገባ ነው? ደግመሽ እይው።»

ደግማ አየችው። ዜሮ ነው። ለስማሪካ ሲደውሉላት፣ «ጋሼ፣ የግምት ዘመን አልፏል፤ ወረቀቱ እንዳለው ይቁረጡ» ብላ ዘጋችባቸው። ትናንት ያንኑ ዜሮ የሚለውን ወረቀት ከወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ድልማያ አይታለች።

«ጥፋቱ የንድፉ ከሆነ ልጅዎ ዘንድሮ አትመረቅም» አለ መምህሩ። «የአናጢው ከሆነ ደግሞ እዚህ ግቢ ከእንግዲህ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ አስበው ይንገሩኝ።»

ስማሪካ እናቷን አላየቻትም። አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ትበላለች።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች ድልማያ። «ጽዳት ነኝ። ምን አውቄ?»

አስታማን ቀና ብሎ አያት። እንዲጮህባት ጠበቀች፤ በሰው ፊት ቢሰድባት ደስ ባላት።

«ታዲያ ማን ነው ያነበበልዎት?» አለው መምህሩ።

አስታማን ከሱሪው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አራገፈ። «አልችልም ካለች አትችልም ማለት ነው» አለ።

መሮዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ በጆንያ ጠቀለለ። ለመምህሩ እጅ ነሳ፤ ለስማሪካም እጅ ነሳ። ድልማያ ጋ ሲደርስ መንገዱን ለቀቀችለት። ሦስት ተማሪዎች ምሰሶውን መልሰው ሊያነሱ መጎተት ጀመሩ።

አስታማን በበሩ ወጣ። እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ቀሩ።