የተሸካሚዎቹ ድንጋይ

«አቁሙ! አታፍስሱ!»

ኢቲዳል ከባጃጁ ሳትወርድ ነው የጮኸችው። የሰማት ግን አልነበረም። ሲሚንቶ ማቡኪያው ሚክሰር ይንቋቋል፤ አንዱ ካሪዮላ ሲገለበጥ ሌላው ይሞላል። ከኮረብታው አናት፣ ከፈረንጁ መቃብር አንስቶ ቁልቁል ግራጫ ኮንክሪት ተዘርግቷል።

አባቷ ሸህ በሽር ቀድመዋት ደርሰዋል። ከኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ድንጋዮቹ የሉም» አሏት በበርታኛ። «ከስር ጨመሯቸው።»

ድንጋዮቹን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃቸዋለች። ድሮ ፈረንጁ ወርቅ ፍለጋ ሲመጣ የአካባቢውን ሰው በግድ ጭነት አሸከመ። ሸክሙን ጥሎ ሊያመልጥ የሞከረውን ሌሎቹ እያዩ በጥይት መታ። ኋላ እሱንም ወባ ጣለውና አናቱ ላይ ተቀበረ፤ የገደላቸው ተሸካሚዎች ከሱ ዝቅ ብለው፣ በየመቃብራቸው ላይ ድንጋይ ብቻ ተደርጎ። ሸህ በሽር ይህን ከአያታቸው ነው የሰሙት። በፈረንጁ መቃብር ላይ የተተከለው አዲሱ እምነ በረድ ግን «የወርቁን ምድር ለዓለም ያስተዋወቀ ታላቅ አሳሽ» ይላል። ነገ ዘመዶቹ ከውጭ መጥተው አበባ ያኖራሉ። ይህ የኮንክሪት መንገድም የሚሠራው ለእነሱ ነው።

ፎርማኑ ቀጄላ ላቡን እየጠረገ መጣ። የባምባሲ ከተማ ልጅ ነው።

«እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ከስር መቃብር አለ!»

«መቃብሩማ ያው» አለ ወደ እምነ በረዱ እያሳየ።

«የሱን አላልኩህም። ተሸካሚዎቹን ነው የምልህ። እሱ የገደላቸውን።»

ቀጄላ መሬት መሬት አየ። «እኛ ያገኘነው ዝም ብሎ ድንጋይ ነው፤ ለሙሌት ሰበሰብነው። ምልክት የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በምን እንወቅ?»

ሸህ በሽር በአማርኛ ገቡበት። «ይሄ ድንጋይ ሰው ነው። የኛ ሰው። ወላሂ! ፈረንጅ መታው፣ እዚህ ወደቀ።»

«ስማቸው ማን ነው፣ አባባ? ስማቸውን ይንገሩኝና እኔም ለቢሮው ልናገር።»

ሸህ በሽር ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ስም አላውቅም።»

ኢቲዳል በንዴት ስልኳን አወጣች። ለእንግዶቹ በታተመው ብሮሸር ላይ የፈረንጁ በቅሎ ስም እንኳ ሳይቀር ተጽፏል።

ሥራውን ላዘዘው ቢሮ ኃላፊ ደወለች።

«ገብቶኛል፣ እህቴ» አላት ኃላፊው። «ግን እንግዶቹ ነገ ጠዋት ነው የሚገቡት። ከፕሮግራሙ በኋላ በጽሑፍ አቅርቢና እናየዋለን።»

«እስከዚያማ ይደርቃል እኮ!»

ስልኩ ተዘግቷል።

ከአጠገቧ ተጋድሞ የነበረውን አካፋ አነሳችና እርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ ሰካችው። ቀጄላ ዘሎ እጀታውን ያዘ።

«ተይ እንጂ! የምጠየቀው እኔ ነኝ!»

«እኔን ይጠይቁኝ! ልቀቅ!»

ተጓተቱ። ቀጄላ ዞር ሲል ከሸህ በሽር ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጀታውን ለቀቀ። ከዚያም ወደ ሠራተኞቹ እጁን አወዛወዘ፤ ሚክሰሩ ጠፋ።

ኢቲዳል መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣች፤ ላይኛው በኩል ግን ጠዋት የፈሰሰ ስለሆነ ጠንክሯል። አካፋው እየነጠረ ክንዷን አነዘራት። ደጋግማ መታችው፤ አልተሰነጠቀም። ወደ ታች፣ ገና እርጥብ ወደሆነው ወረደች። ቆፍራ ቆፍራ አንድ ድንጋይ ተነቃነቀላት። ቀሚሷ በሲሚንቶ እየተለወሰ ታቅፋ አወጣችው።

«ያባ፣ ይሄ የማን ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ሸህ በሽር መሬት ላይ ተቀመጡና ድንጋዩን ተቀበሏት። ቀጄላ ከበርሜሉ በጣሳ ውኃ ቀድቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። ሸህ በሽር ሲሚንቶው ሳይደርቅበት ቶሎ ቶሎ እያፈሰሱ በመዳፋቸው ያሹት ጀመር። ግራጫው ውኃ በጣቶቻቸው መሐል ወረደ። ምንም አልተጻፈበትም። ገለበጡና ሌላኛውን ጎኑን ማጠብ ቀጠሉ።