ያልበራው ምስል

ጋሽ በላቸው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሞክረው ሁለቱም አልሠሩላቸውም። የፕሮስቴት ካንሰራቸው አጥንት ውስጥ ገብቷል። የቀራቸው ሕክምና አንድ ነው፤ እሱን ለመጀመር ደግሞ ይህ ምስል መነሳት ነበረበት። ጠዋት ክንዳቸው ላይ የተወጉት ፈሳሽ የካንሰሩን ሕዋሳት ፈልጎ ይጣበቅባቸውና በምስሉ ላይ እንዲበሩ ያደርጋል።

ልጃቸው ትርሲት ከሐኪሙ ወንበር ጀርባ ቆማለች። ምስሉ በኮምፒውተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። የምራቅ ዕጢዎቹ በሩ፤ ኩላሊቶቹም በሩ፤ እነዚህ ጤነኛ ሰው ላይም ይበራሉ። አከርካሪው ጨለማ ነው። ዳሌውም ጨለማ ነው።

«አጥንቱ ላይ ምንም የለም አይደል፣ ዶክተር?»

«የበራ የለም» አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከምስሉ ሳይነቅል።

ትርሲት ለወንድሟ ደወለች። «ስማ፣ ጠፍቷል። ለሥላሴ የተሳልከውን ጥላ ዛሬውኑ ግዛ። ኧረ በዓይኔ እያየሁት ነው። ደግሞ ትንሿን ገዝተህ እንዳታሳፍረን፣ ባለ ወርቅ ዘርፉን።»

ሐኪሙ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቃት።

«እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ። ያሰብነው ሕክምና ጨረሩን የሚያደርሰው ይህ ፈሳሽ በተጣበቀበት ቦታ ብቻ ነው። የአባትሽ ካንሰር ግን ፈሳሹ የሚጣበቅበት ነገር የለውም።»

ትርሲት አልተቀመጠችም።

ሐኪሙ አብሮ የተነሳውን የሲቲ ስካን ምስል ከፈተላት። አጥንቱ ላይ ያሉት የካንሰር ዕጢዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ትልቁ ሦስት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር ነው።