ከግርጌ የተጻፈው

«ጋሼ፣ ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለ ዶክተር ፍጹም።

ልዑልሰገድ ግን ከስሙ ማለፍ አቃተው። በእጁ በያዘው የመጠይቅ ቅጂ ላይ «ደረሰ ወልደ ሥላሴ፣ ገበሬ፣ ቡሬ» ይላል። አባቱ ነው።

ፍኖተ ሰላም ለዲግሪ በክረምት የሚማሩት መምህራን፣ ልዑልሰገድን ጨምሮ፣ ሠላሳ ያህል ናቸው። የሰሞኑ ትምህርት የአዲስ አበባው አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ስለነበረው ትስስር ነው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ በ1959 ክረምት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየገበሬው ቤት እየዞሩ የሞሉትን መጠይቅ አባዝቶ ይዞ ኖሮ፣ ለቡሬ ሰው የቡሬን፣ ለመራዊ ሰው የመራዊን አደለ።

ልዑልሰገድ ሕፃን ሳለ እነሱ ቤት የመጣውን ተማሪ ያስታውሰዋል። እናቱ እግሩን አጥባው፣ አባቱ መደቡን ለቆለት፣ ሦስት ቀን አብሯቸው ሰንብቷል። ጨዋ ልጅ ነበር።

«ጥያቄ፦ ለግብር ብሎ መሬትዎን የሚለካ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ልዑልሰገድ ማንበብ ጀመረ። «መልስ፦ ገመድ ይዞ የመጣ ገመዱን ይዞ አይመለስም። ጠመንጃዬም ዝጎ አልተቀመጠም።»

«ከግርጌ ያለውንም» አለ ዶክተሩ። «ዋናው እሱ ነው።»

ከግርጌ በቀይ ቀለም፣ «አንድ ቅጂ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተልኳል» ይላል።

«አያችሁ? የአውራጃውን የእስር ዝርዝርም አግኝቼዋለሁ። ስሞቹ የተጻፉት በእነዚህ መጠይቆች ተራ ነው። ሌላ ጠቋሚ አላስፈለጋቸውም።»

አባቱን የወሰዱት በመስቀል ማግስት ነበር። እስር ቤት ሞተ። ጎረቤታቸው ክንዱ በዚያው ሰሞን አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሲገባ ሲወጣ ታይቷልና፣ ጠቋሚው እሱ ነው ተባለ። ክንዱ እየማለ ኖረ፣ እየማለ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ልዑልሰገድ፣ ያኔ ገና ወጣት መምህር፣ ቤት ለቤት ዞሮ «ማንም እንዳይወጣ» አለ። ማንም አልወጣም። ሬሳውን ከሌላ ደብር የመጡ አራት ዘመዶቹ ተሸክመው ቀበሩት።

የክንዱ ልጅ አስካለ ማርያም ከልዑልሰገድ ፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ናት። ሦስት ክረምት አንድ ክፍል ሲማሩ ሰላም ተባብለው አያውቁም። አሁን ግን ዞራ አየችው።

«የመጨረሻውን ይድገሙት» አለች። «ዝናቡ አላሰማኝም።»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አልፎ እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«እናቴ ይህን ብትሰማ» አለች ዝግ ብላ። «ባለፈው ሁዳዴ ሞተች። ለሷም ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት የለም።»

ልዑልሰገድ ከወንበሩ ብድግ አለ። ይቅርታ ሊል ነበር። ግን ያን ዕለት ደጃቸውን እየመታ «እንዳትወጡ» ያላቸው ሽማግሌዎች ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም፤ ማንን ከመቃብር ቀስቅሶ «ያልኩት ውሸት ነበር» ይበል? እንደ ቆመ ቀረ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለ ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ። «ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል፤ ያዙት።»

ሠላሳ አንገት ደብተር ላይ ተደፋ። አስካለ ማርያም ትንሽ ቆየት ብላ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች። ከዚያ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ነቅላ፣ ከሰው ሁሉ ጋር መጻፍ ጀመረች።