ሰጎን ከገባች ወዲህ

ሰዓት ሠሪው ጠዋት ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ስልኩን ያነሣል። ቡድኑ «የማለዳ ታሪክ» ይባላል። አንዲት ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት በየማለዳው አንድ የታሪክ ጥያቄ ትለጥፋለች፤ ቀድሞ በትክክል የመለሰ የዕለቱ አሸናፊ ነው። ሽልማት የለውም። ሰዓት ሠሪው ግን ያሸነፈ ዕለት እያፏጨ ሱቁን ይከፍታል፤ የተሸነፈ ዕለት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል።

ሱቁ እንደ ድሮው አይደለም። ሰው ሁሉ ሰዓት ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ጎራ የሚለው ባትሪ የሚያስቀይር ብቻ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ። ስለዚህ በማለዳው የሆነ ነገር ማሸነፍ ያስፈልገው ነበር።

ደግሞም ያሸንፍ ነበር። ድሮ እንኳ እንደ ነገሩ ነበር የሚጫወተው። ዓምና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከስቶና ሆድ ብሶት ከወጣ በኋላ ግን የሚቀድመው ጠፋ። «መተኛት ጭንቅላትን ያሳርፋል» እያለ ለባለቤቱ ያብራራል። የሌሎቹ ዕውቀት እየዛገ መሄዱን ሲያይም ያዝንላቸዋል። ሃኒባል አልፕስን ያሻገረው ግዙፍ እንስሳ ምንድን ነው ሲባል፣ ነርሷ ግመል አለች። ናፖሊዮን መጀመሪያ የተጋዘባት ደሴት ስትጠየቅ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሰውየውን ማዳጋስካር ላከው። ሰዓት ሠሪው ያርማቸዋል፣ ይመክራቸዋል፣ የሚያነቡትን መጽሐፍ ይጠቁማቸዋል። «እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ» ይሉታል። ከአንዳቸውም ጋር በአካል ተያይቶ አያውቅም፤ ግን ይወዳቸዋል።

ከዚያ ሰጎን ገባች።

ሹፌሩ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ጥንት ግብፅ ከሰው ጋር ስትከራከር ሰምቶ የጋበዛት ናት። በፎቶዋ ቦታ የሰጎን ምስል ለጥፋለች፤ ስሟም ያው ሰጎን ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ማለዳ፣ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን እስኪወለውል መልሳ ጨረሰች። በሁለተኛውም እንደዚያው። እንዲያውም ሳትጠየቅ ማብራሪያ ጨመረችበት።

«ትሰርቃለች» አለ ለባለቤቱ። «ከኢንተርኔት ነው የምትገለብጠው።»

«ብታውቅስ?»

«በዚህ ዕድሜዋ?»

ዕድሜዋን በምን እንዳወቀ ጠየቀችው። ሰጎን የሚለጥፍ ሰው ከሠላሳ አያልፍም አላት። ባለቤቱ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም ብላው ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

እሱ ግን ለቀመ። መልሶቿን ኢንተርኔት ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያየ፤ አይመሳሰሉም። ይሄ ይበልጥ አስጠረጠረው፤ ዱካውን የሚያጠፋ ሌባ ነው። በድምፅ ትመልስ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ገና ከመለጠፉ በድምፅ መለሰች፤ እሱ ግን አጠገቧ ሆኖ የሚያነብላት ሰው አለ ብሎ ተከራከረ። ነርሷ፣ ጋሼ ይታገሱ፣ ልጅቷ ትለምዳለች ብላ አባበለችው። ሹፌሩ ስለ መንገድ መጨናነቅ ጻፈ። ያመጣት እሱ ነውና አፍሯል ሲል ሰዓት ሠሪው ደመደመ።

ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ። ባለቤቱ ቁልፉን ከቁርሱ አጠገብ ብታስቀምጥለት ቁልፉንም ቁርሱንም ሳይነካ ወደ አልጋው ተመለሰ። በመጨረሻ ለርዕሰ መምህርቷ ደወለላት።

«እትዬ፣ ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ።»

እንዳይወጣ ለመነችው። ጥፋቱ የራሷ መሆኑን፣ ልጅቷን ገና ስትገባ ማነጋገር እንደነበረባት ነገረችው።

«ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የቤታችንን ወግ ስላላወቀች ነው። ለኔ ተዋት።»

ወግ ስትል ሐቀኝነት ማለቷ እንደሆነ ሰዓት ሠሪው ወዲያው ገባው።

በማግስቱ ጥያቄው መጣ። ማጄላን ይዟቸው ከተነሣቸው መርከቦች መካከል ዓለምን ዞራ የተመለሰችው ማን ትባላለች? ሰዓት ሠሪው ከትራሱ ሥር መነጽሩን ሲዳብስ ሰጎን እንደ ልማዷ ቀደመች።

«የኖኅ መርከብ።»

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እውነትም የኖኅ መርከብ ብላለች። «ቪክቶሪያ» ብሎ ጻፈ። ርዕሰ መምህርቷ ወዲያው አጸደቀችለት፤ ነርሷ አበባ ላከች፤ ሹፌሩ አጨበጨበ።

«አላልኩሽም?» አለ ለባለቤቱ። «ቆጣ ሲሏት ከኢንተርኔቱ ራቀች፤ ስትርቅ ባዶ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ባለቤቱ እንኳን ደስ ያለህ ብላ ሻይ ደገመችለት። ቁርሱን ጠራርጎ በልቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ሱቁን እያፏጨ ከፈተ። አቧራውን ጠረገ፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ሆዱን ከፍቶ ማየት ጀመረ። መሐል ላይ ልቡ ራራ። ያሸነፈ ሰው ቂም አይዝም። ስልኩን አነሣና፣ መሳሳት ነውር እንዳልሆነ፣ ዕውቀት በትዕግሥት እንደሚገኝ፣ ከፈለገች እሱ ራሱ ቀስ እያለ እንደሚያስተምራት ቡድኑ ላይ ለሰጎን ረዘም አድርጎ ጻፈላት።

ጥቂት ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ሰጎን ናት፤ እዚያው ቡድኑ ላይ። የምስጋናዋን ቃል ሊያነብ ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አወረደ።

«እትዬ፣ የኖኅ መርከብ ማለቴ አልበዛም? ነገ ደግሞ ለጋሼ የመሳሳት ተራው የማን ነው?»