የኩባንያው ዝናብ

ይህ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው? አክስቷ ዘሃራ ሂክማን በየቀኑ የምትጠይቃት ይህንኑ ነው።

ሂክማ የምትሠራበት ኩባንያ የድሬዳዋን ሰማይ በውል ከያዘ ወዲህ ሰፈሩ ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ ሲወርድ ይውላል። ባሕር ማዶ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ጎዳናውን በቀጥታ በሚያሳያቸው መነጽር የሚንሸራሸሩበት ደንበኞች፣ «ምሥጢራዊው ምሥራቅ» በጭጋግ ተሸፍኖ፣ እርጥብ አስፋልቱ በሐምራዊ መብራት እንዲያብለጨልጭላቸው ይፈልጋሉ። የጎዳናውን ንድፍ የሠራችው ሂክማ ናት፤ ሩቅ አገር ሄዳ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ዛሬ ጠዋት የእነሱ ጎዳና ከዓለም በተመልካች ብዛት አንደኛ መውጣቱን ስትሰማ፣ የቤታቸውን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

«አክስቴ፣ አንደኛ ወጣን።»

«እሰይ የኔ ልጅ። እዚያ የጎዳናው ፋኖስ ላይ የጻፍሽው ግን ምን ይላል?»

«እኔም አላውቅም። የባዕድ አገር ፊደሉ አምሮኝ ነው።»

«ጉድ ነው፤ ጸሐፊዋም አታነበውም።» ዘሃራ እየሳቀች የአንሶላውን ጫፍ አቀበለቻት። «በይ፣ በዚያ በኩል ጠምዝዢልኝ።»

አንሶላው የአልጋ ቁራኛ የሆነው የአጎቷ የኢድሪስ ነው። ከታጠበ ዘጠኝ ቀኑ ቢሆንም አልደረቀም። እርጥብ እየተነጠፈለት ጀርባው መቁሰል ጀምሯል።

«ድሬ ላይ እኮ ልብስ አስጥተሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ይደርቅ ነበር» አለች ዘሃራ። «ሁለት ሰዓት ፀሐይ ለምኚልን፤ አንቺን አይነፍጉሽም።»

ሂክማም አንዲት ቃሏ እንደምትበቃ እርግጠኛ ነበረች። እዚያው ቆማ ለአለቆቿ ጻፈች፦ «ነገ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ዝናቡ ይቁምልን። ቤታችን ታማሚ አለ። ሂክማ።»

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ አንሶላውን ተሸክማ ሰገነት ወጣች። ዝናቡ እየወረደባት እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀች፤ መልስ ግን አልመጣም።